ድልድዩ ጋ የቆመችው በቅሎ

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለእታለሜ፣ ለአክስቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ከደጃፍሽ እስከ ጓዳሽ፣ መነጽር ካደረገው እስካላደረገው ለሁሉም ይዳረስ። እንደምን ከርመሻል? ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ስትመረምሪ ውለሽ የራስሽ እንዳይደክም ጤናውን ያብዛልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ሊፍት ጠጋኝ ማለት ሊፍቱ የማይሠራ ሕንጻ ውስጥ ብቻ የሚገባ ሰው ማለት ነው፤ ስለዚህ ኑሮዬ ደረጃ ሆኗል።

አምስተኛው ፖስታ ከዚህ ጋር ተያይዟል። እንደ ደንባችን አፉን በቢጫ ቴፕ አሽጌዋለሁ። በኔ ተራ ቅዳሜ ሁሉም ተቀምጠው ሳለ በፊታቸው ክፈቺው፤ ቀድመሽ እንዳታዪው። አንዱን ቅዳሜ አንቺ ከራስሽ ትተርኪያለሽ፣ የሚቀጥለውን እኔ በአንቺ አፍ። ስሰናበታችሁ ከምንም በላይ የከበደኝ ያንን የቅዳሜ ጨዋታ ጠረጴዛ፣ አንቺን፣ አባቴን፣ ነርሷንና ፀጉር አስተካካዩን ትቶ መሄድ ነበር። የተራኪነቱን ግማሽ ስላስቀረሽልኝ እስከ ዛሬ አመሰግንሻለሁ።

ሰሞኑን ምሳ ሰዓት ላይ ጨዋታውን ለሥራ ባልደረቦቼ ላስረዳ ሞከርኩ። "አንዱ ተራኪ ነው" አልኳቸው። "'ወንዝ ዳር ደርሳችኋል፣ ጀልባው ተሰብሯል፣ ምን ታደርጋላችሁ?' ይላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የፈጠሩትን ሰው ሆነው ይመልሳሉ። አጠራጣሪውን ነገር ዳይስ፣ ቁጥር የተጻፈበት የሚጣል ጠጠር፣ ይቆርጠዋል።" አለቃዬ "ማን ያሸንፋል?" አለ። ማንም አልኩት። "ታዲያ ሃያ ዓመት ለምን ተጫወታችሁት?" ቢለኝ ቀጥሎ የሚመጣውን ለመስማት አልኩት። አልገባውም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ምሳውን ከኛ ጋር ይበላል።

በአራተኛው ፖስታ የላክሁት የጨው ነጋዴ እንዴት ሆነ? "ወደዱት" ብለሽ ብቻ ጻፍሽልኝ። ማን አመነው? ማን ጠረጠረው? አባቴስ ምን አለ? ደግሞ ስልክ ስደውል ለምን አይቀርብም? ሁልጊዜ ወይ ተኝቷል፣ ወይ ወጥቷል። እሱ ቀን መተኛት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?

ወንድምሽ ፌንጣ


ኅዳር 2 ቀን

ለአጎቴ ልጅ ለፌንጣ፤

የጠገነው ሊፍት ሁሉ ይዞህ ይውጣ፣ ይዞህም በሰላም ይውረድ። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን።

ፖስታህ ደርሷል። ቅዳሜ ጥሩ ነበር። ነርሷ ስቃ ሞተች። ፀጉር አስተካካዩ እንደ ልማዱ ሰውን ሁሉ ሲያስቸግር ዋለ። አሁን ድልድይ ጋ ደርሰናል። ሰባት ሳንቃ ያለው ድልድይ ነው፤ አንድ ዓይና በቅሎ አለች፣ አልሻገርም ብላ ቆማለች። ያስቃል፣ ያሳዝናልም።

አጎቴ ደኅና ናቸው። የስልኩን ነገር እርሳው፤ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል፣ ስልክ ያበሳጫቸዋል። ሰላም ብለውሃል።

አንድ ነገር ልለምንህ። ሣጥንህ ውስጥ ያስቀመጥከውን ሰማያዊ ሹራብ ለአንድ ሰው ላውሰው? ብርዱ ገብቷል። ደግሞ ለጊዜው ፖስታ ባትልክም ይሆናል፤ ያለው ይበቃናል። አንተም ዕረፍ።

እህትህ


ኅዳር 17 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፤

ሰላም ለቤቱ። ጤና እንዳላችሁ ስለነገርሽኝ ደግሜ አልጠይቅም።

በቅሎዋን ማን ነገረሽ?

ሰባት ዓመቴ ነው። ኩፍኝ ይዞኝ፣ ብርሃን ዓይኑን ይጎዳዋል ተብሎ መጋረጃው ተዘግቶብኝ፣ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝቻለሁ። አልተኛም እያልኩ አልጋው ላይ እየዘለልኩ ሳስቸግር አባቴ ፌንጣ ያለኝ ያን ሳምንት ነው። ከቅየሳ ሥራው ቀርቶ፣ ከምሳ በኋላ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ከበቅሎ ገበያ የተገዛች አንዲት አንድ ዓይና በቅሎ ያወራልኝ ነበር። ግራ ዓይኗ የጠፋ። ድልድይ የምትፈራ። ሰባት ሳንቃ። ይህን ለማንም አልነገርኩም፣ ለእናቴም ቢሆን። የጻፍኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሣጥኔ ውስጥ ባለው ማስታወሻ ደብተር፣ አንድ ቀን በኔ ተራ ልተርከው ብዬ።

አሁን ሣጥኔን ከፍተሽ ሹራብ ላውስ ትያለሽ። ፖስታ አትላክ ትያለሽ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉ የለ፤ እኔ ግን ልጥ አይደለም ያየሁት። ሹራቡን የሚለብሰው ማነው? ስም የለውም? ባለቤቱን ካልናቁ ውሻውን አይነኩም። ለማንም አልፈቀድኩም።

መልስሽን በቶሎ እፈልጋለሁ።

ፌንጣ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ለአጎቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ለመመለስ የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ተናድጄ ነው።

ደብተርህን አልነካሁም። ሣጥንህን የከፈትኩት ለሹራቡ ነው። ሹራቡን ሰጥቻለሁ፤ ፈቃድህን የምጠብቅበት ጊዜ አልነበረኝም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ለፀጉር አስተካካዩ በስተጀርባዬ ደብዳቤ ጽፈህ "ቅዳሜ ቅዳሜ የሚካሄደውን በምስጢር ግለጽልኝ" አልከው? ወረቀቱን ይዞ መጥቶ የመመርመሪያ ሰሌዳው ሥር አኖረልኝና "አንብቢው፣ እኔ በዚህ መሀል አልገባም" አለኝ። ሰላይ ሲያስፈልግህ ከመንደሩ ሁሉ ፀጉር አስተካካይ መረጥክ! የእሱ አፍ የሚዘጋው መቀስ ሲነክስ ብቻ ነው።

ማን የት ተቀመጠ፣ ማን ምን አለ፣ ማን ምን ለበሰ። አጠያየቅህ የመርማሪ ሆኗል። እኔ ጠረጴዛችን እንዳይፈርስ ነው የምለፋው፤ አንተ ከዚያ ሆነህ ጉድጓድ ትምሳለህ። በስልክ ለበዓል እመጣለሁ ያልከኝም ቀረ መሰለኝ። ካላመንከኝ ተራውን እንተወው።

የአክስትህ ልጅ


ጥር 9 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፤

ሰላምታ ለሚገባው ሁሉ ይድረስ።

ፀጉር አስተካካዩ ለኔም መልሷል። ደብዳቤው እንዲህ ነው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም፦ "ጨዋታው ደኅና ነው። ፂምህን ተላጭ። ሌላውን እታለምህን ጠይቅ።" ሰባ ቃል ሳይናገር የአንድ ሰው ፀጉር የማይቆርጥ ሰው በሦስት መስመር ሲቆም፣ ምን አለ የማልል ሞኝ አይደለሁም።

አሁን የማፍርበትን ነገር ልንገርሽ። አምስተኛው ፖስታ ውስጥ የነበረውን ታውቂያለሽ? አታውቂም። ባዶ ወረቀት ነበር። ስለ ጨው ነጋዴው "ወደዱት" ብቻ ስትዪኝ ልቤ አላመነም፤ ስለዚህ አንድ ነጭ ወረቀት አጥፌ፣ በቢጫ ቴፕ አሽጌ ላክሁት። ብትከፍቺው ኖሮ ትስቂብኝ ነበር፣ ወይ ትሰድቢኝ ነበር። አንቺ ግን "ቅዳሜ ጥሩ ነበር፣ ነርሷ ስቃ ሞተች" ብለሽ ጻፍሽ። እታለም፣ ነርሷ በባዶ ወረቀት ነው የሳቀችው?

ስለዚህ በኔ ተራ ሌላ ሰው ይተርካል። አንቺ አይደለሽም፤ አንቺ ብትሆኚ ፖስታውን ከፍተሽ ባዶነቱን ታዪ ነበር። ወንበሬ ላይ ተቀምጦ፣ ሹራቤን ለብሶ፣ በቅሎዬን እየነዳ ያለ ሰው አለ። ወንበሬ ሄደ፣ ሹራቤ ሄደ፣ ተራዬ ሄደ። የቀረኝ ስሜ ነው፤ እሱንስ ለማን ልትሰጪው ነው?

እዚህ ሰው በስሜ አያውቀኝም። "ሊፍቱ" ይሉኛል፤ "ሊፍቱ መጣ፣ ሊፍቱ ሄደ።" ሰው የሆንኩበት ቦታ ቢኖር ያ ጠረጴዛ ነው። ከዚያም ካስወጣችሁኝ በወረቀት ንገሩኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ እውነቱን ካልጻፍሽልኝ ለአባቴ በቀጥታ እጽፋለሁ፣ አንድም ነገር ሳላስቀር።

ፌንጣ


ጥር 30 ቀን

ለወንድሜ፤

ለአጎቴ እንዳትጽፍ። ሰላምታውን በኋላ አደርሰዋለሁ፤ መጀመሪያ ይህን ስማኝ። እንዳትጽፍላቸው፣ እንዳትደውልላቸውም፣ እለምንሃለሁ።

ተራህን የሰጠሁት ለአባትህ ነው።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ ነው። ዳይሱን በእጃቸው ይዘው ዳይሱ የታለ ይሉ ጀመር። የማን ተራ ነው ብለው ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። በጨዋታው ውስጥ ሃያ ዓመት ሲሆኑት የኖሩትን ሰው፣ መንገድ መሪውን፣ ረስተው "እኔ ማን ነበርኩ?" ብለው በጆሮዬ አንሾካሾኩልኝ። ነግሬያቸው ሳበቃ ኮፍያቸውን አንሥተው ሊወጡ ሲሉ ነርሷ እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። የመርሳት በሽታ መሆኑን የነገረችን እሷ ናት፤ ሐኪም ቤትም ወስደናቸዋል። ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ የሚሄድ አይደለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስተኛው ፖስታህ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ልከፍተው ስል መዳፋቸውን አኖሩበት። "ዛሬ እኔ ልንገር" አሉ። ፖስታውን ኪሴ ከተትኩት። እሳቸውም ሁለት ሰዓት ሙሉ ተረኩ፤ አንድ ስም ሳይስቱ፣ አንድ መታጠፊያ ሳይዘሉ። የበቅሎ ገበያውን፣ የግራ ዓይኗን፣ ሰባቱን ሳንቃ አንድ በአንድ። ምን ታደርጋላችሁ ብለው እንደ ድሮው ጠየቁን፣ ዳይስ አስጣሉን፣ በሳትነው ቀለዱብን። ነርሷ ወጥታ በረንዳው ላይ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንተ ተራ ቅዳሜ እሳቸው ይተርካሉ። ሁልጊዜ ከበቅሎ ገበያው ይጀምራሉ፣ ሁልጊዜ ድልድዩ ጋ ያቆማሉ። እስከ ዛሬ አሥራ አራት ጊዜ ሰምተነዋል። ነርሷ የምትስቅበት ቦታ ላይ አሥራ አራት ጊዜ ስቃለች፤ በዚህ አልዋሸሁህም። በኔ ተራማ ገና ሳልጀምር ያንቀላፋሉ።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። መጀመሪያ ቀን ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው መስኮቱ አጠገብ፣ ባንተ ወንበር የተቀመጠውን ፀጉር አስተካካይ አዩትና "ፌንጣ፣ ነቅተሃል?" አሉት። ያ ሰው፣ ሱቁን ሲከፍት የጀመረውን ወሬ ሲዘጋ የማይጨርስ ሰው፣ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ከዚያ "ነቅቻለሁ አባባ" አላቸው። ፊታቸው ሲበራ ብታይ አንተም እንደዚያው ትመልስ ነበር። ሌላ ቀን "ሹራብህ የታለ? ይበርድሃል" አሉት። ሹራቡን የለበሰው እሱ ነው። እጅጌው አጥሮታል። ስሜን ለማን ልትሰጪው ነው ብለኸኛል፤ ሰጥቼዋለሁ።

የስልኩም ነገር ይኸው ነው። ድምፅህን በስልክ ከሰሙ ወንበሩ ላይ ያለው ማን ሊሆን ነው?

ሦስቱ ፖስታዎችህ ሌንስ የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ ቴፓቸው አልተነካም። ስለ በቅሎዋ የጻፍኩልህ ተሳስቼ ነው፤ ውሸቱ ሲያልቅብኝ እውነቱ አመለጠኝ። አንድ ደኅና በዋሉበት ቀን ራሳቸው አስምለውኛል። "ለልጁ እንዳትነግሪው። ሥራውን ጥሎ ይመጣና ቁጭ ብሎ እኔ ስጠፋ ያየኛል" አሉኝ። እኔም በበኩሌ ፈራሁ። መጥተህ "ልጅህ እኔ ነኝ" ስትላቸው ባያምኑህስ ብዬ።

አሁን ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ለራስህ።

እህትህ


መጋቢት 28 ቀን

ይድረስ ለእታለሜ፤

እንደምን አላችሁ? ከምር ነው የምጠይቀው፤ እያንዳንዳችሁን፣ ነርሷንም ጭምር።

ሁለት ወር ዝም ያልኩት አኩርፌ ነው ብልሽ ይሻለኝ ነበር። አራት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ። በመጀመሪያው አንቺን ሰደብኩ። በሁለተኛው ፀጉር አስተካካዩን፤ ከልቤ ጠልቼው ነበር፣ ያጠረውን እጅጌ እንኳ። በሦስተኛው መጣሁ ብዬ ነበር። አራተኛው ለአባቴ ነበር፤ "አባባ፣ ያ ሰው እኔ አይደለሁም" ይላል።

በቅሎዬን ሰረቃችሁ ብዬ ጮኼብሻለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሌባው እኔ ነኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ለባልደረቦቼ ጨዋታውን ማጫወት ከጀመርኩ ወዲህ የምተርከው እሷኑ ነው። ከየት አመጣሃት ሲሉኝ ከራሴ ነው አልኳቸው። አምስት ትልልቅ ሰዎች በሊፍት ሞተር ክፍል ውስጥ፣ ዘይት በነካው እጃቸው ዳይስ ይጥላሉ። እና ድልድዩ ጋ ደርሰን ቆመናል። አለቃዬ በየቀኑ "ተሻገረች ወይስ አልተሻገረችም?" ይለኛል። አላውቅም፣ እታለም። ያን ሳምንት አባቴ በየቀኑ ሲነግረኝ፣ እኔ በየቀኑ ድልድዩ ጋ ሲደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ። መጨረሻውን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

ስለዚህ አልመጣም፤ ቢያንስ አሁን አልመጣም። ብመጣ በዚያ ክፍል ሁለት ፌንጣ ይሆናል፣ ለአባቴ ደግሞ አንዱም ይበዛበታል። ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ እንዳይነሣ። ሹራቡም የሱ ነው፤ እጅጌውን የሚያስረዝምለት ሰው ፈልጊለት። አንድ ነገር ብቻ ያድርግልኝ። ቅዳሜ አባቴ ድልድዩ ጋ ደርሶ ሲያቆም፣ "ከዚያስ?" ብሎ ይጠይቅልኝ። እንዳይተኛብኝ።

ፌንጣሽ


ሚያዝያ 19 ቀን

ለወንድሜ ለፌንጣ፤

ከዚህ ቤት የቀረ ሰላምታ የለም፤ ሁሉንም ልኬልሃለሁ።

ደብዳቤህን ለፀጉር አስተካካዩ አነበብኩለት። ማበጠሪያውን ደጋግሞ አጠበ። ቅዳሜ ግን ከሁላችን ቀድሞ መጥቶ ተቀመጠ።

አጎቴ ከበቅሎ ገበያው ጀመሩ። ነርሷ በቦታዋ ሳቀች። ሰባቱን ሳንቃ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ቆጠሩ፣ በቅሎዋ ቆመች፣ እሳቸውም አቆሙ። "ፌንጣ፣ ነቅተሃል?" አሉ።

"ነቅቻለሁ አባባ። ከዚያስ?" አላቸው።

አጎቴ አዩት። እኔ አበላሸን ብዬ ልነሣ ነበር። "አልተኛህም?" አሉት። "አልተኛሁም" አላቸው። እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል እንደዚያ ሳይስቁ። "እኔ እኮ ከዚህ ወዲያ የለኝም" አሉ። "ሁልጊዜ እዚህ ጋ ትተኛለህ። አንድም ቀን አላዘጋጀሁትም።"

ከዚያ ያችን ሃያ ፊት ያላትን ዳይስ አንሥተው በፀጉር አስተካካዩ መዳፍ ውስጥ አኖሩና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉለት። "እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ያለውን አንተ ንገረኝ" አሉት። ምስኪኑ ዳይሷን እንደ ጨበጠ "ለሌላ ቅዳሜ ላስብበት አባባ" አላቸው። "አስብበት፣ አትቸኩል" አሉት።

ይረሱታል ብዬ ነበር። ትናንት እንደገና ከገበያው ጀመሩ፣ አሥራ ዘጠነኛ ጊዜ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ግን ነቅተሃል ወይ አላሉትም። ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፈው "ተራህ ነው" አሉት፣ ጠበቁትም።

ስለዚህ ሌንሱን መሳቢያ ከፍቼ አምስተኛውን ፖስታህን ዛሬ ቀደድኩት። ባዶውን ወረቀት ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ። ጻፍበት። እኛ በፀጉር አስተካካዩ አፍ እናነብላቸዋለን።

እህትህ